በልብ ስለ ተጻፈው ሕግ
(የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 2፥ ቍጥር 14 እና 15 ማብራሪያ)

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ኦሪት ያልተሰጣቸውን አሕዛብ ነገር ሲናገር፥ እነርሱ ከጠባያቸው ተነሥተው ኦሪት የምታዝዘውን ሥራ ሠርተው በተገኙ ጊዜ ሕጉ በልባቸው ተጽፎ እንዳለ ይታወቃል ይላል። ሕሊናቸው ምስክር ይኾንባቸዋል፤ ዐሳባቸውም በውስጣቸው እንደ ከሳሽና እንደ ተከሳሽ ኾኖ ይሟገታል። ከዚህ ቃል ኹለት ጥያቄ ይወጣል። ፊተኛው፥ መልካምና ክፉ ለሰው ኹሉ አንድ ነውን? ወይስ እንደየአገሩ ልማድና እንደየሰዉ ፈቃድ የሚለዋወጥ ነው? የሚል ነው። ኹለተኛው፥ ሕጉ በልብ ከተጻፈ፥ ደግሞም በመጽሐፍ ከተሰጠ፥ ፍልስፍና ለምን ትጠቅማለች? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጨዋታ የተተወ እንዳይመስልህ፥ አንባቢ ሆይ። በዚህ በቦኖሻና በሻሾጎ፥ ወጥቶም በሆሳዕናና በዱራሜ፥ የሚኖረው ሰው ሃይማኖቱም ቋንቋውም ብዙ ነው። ሐዲያው፥ ከምባታው፥ ስልጤው፥ ጉራጌው፥ ዐማራው በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ድንበር ለድንበር ያርሳል፤ የአባቶቹን የፋንዳኖን ሥርዐት የሚያስብ ሽማግሌም አልጠፋም። እንዲህ ባለ አገር ወጣቱ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲመለስ፥ «ለአንዱ ነውር የኾነው ለሌላው ክብር ነው፤ እንግዲያስ በራሱ ክፉ፥ በራሱም መልካም የሚባል ነገር የለም» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። መልስ ሳይሰጡት በቍጣ ዝም ማሰኘት ግን ለመምህር አይገባም።

አስቀድመን የንባቡን ምሥጢር እንመልከት። አባቶቻችን የሰውን ዘመን በሦስት ሕግ ይከፍሉታል፤ ሕገ ልቡና፥ ሕገ ኦሪት፥ ሕገ ወንጌል ብለው። ሕገ ልቡና ማለት ከሙሴ አስቀድሞ ሰው በተፈጥሮው ዕውቀት የተመራበት ሕግ ነው። ይህስ በምን ይታወቃል ቢሉ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ይታወቃል። ቃየል አቤልን በገደለ ጊዜ አትግደል የሚል ጽላት አልተቀረጸም ነበር፤ ነገር ግን የወንድሙ ነገር በተጠየቀ ጊዜ ሸሸገ። የሚሸሽግ ሰው ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ዮሴፍም የጌታውን ሚስት እንቢ ያለው ኦሪት ሳትጻፍ ነው። የጌራራው ንጉሥ አቢሜሌክ ከእስራኤል ወገን ሳይኾን የሰውን ሚስት መውሰድ ታላቅ በደል እንደ ኾነ ዐውቆ አብርሃምን ወቅሦታል።

«በልባቸው የተጻፈ» ማለት እንዴት ነው ቢሉ፥ ሰው ሲወለድ ትእዛዛቱን በቃሉ ይዞ ይወለዳል ማለት አይደለም። መልካሙን ሲያሳዩት መልካም መኾኑን ለይቶ የሚያውቅበት ልብ ተሰጥቶታል ማለት ነው፤ ዐይን ቀለሙን ይዞ ሳይወለድ ብርሃን ሲበራለት እንዲለይ። አንድም፥ ጽሕፈት በጊዜ ብዛት እንዲደበዝዝ፥ በአቧራም እንዲሸፈን፥ በልብ የተጻፈውም ሕግ በልማድና በጥቅም ይደበዝዛል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይፋቅም ማለት ነው። ሐዋርያው ራሱ በጢሞቴዎስ መልእክት ሕሊናቸው በጋለ ብረት እንደ ተተኰሰ ስለ ደነዘዘባቸው ሰዎች ይናገራል። እንግዲህ ሕጉ አለ ማለትና ኹሉ አጥርቶ ያነበዋል ማለት ኹለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ይህን ልብ በል፤ የሚከተለው ነገር ኹሉ በዚህ ላይ ይቆማልና።

አኹን ደግሞ የተቃዋሚውን ቃል ሳናሳንስ እንስማ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ3ኛው መጽሐፉ እንዲህ ያለ ነገር ያወራል። የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ግሪኮችን አስጠርቶ፥ የሞቱ አባቶቻችሁን ሥጋ ትበሉ ዘንድ ስንት ልክፈላችሁ? አላቸው፤ በምንም ዋጋ አናደርገውም አሉ። ከዚህ በኋላ ካላቲያ የተባሉትን፥ የአባቶቻቸውን ሥጋ መብላት ልማዳቸው የኾነውን የሕንድ ሰዎች አስጠርቶ፥ ሬሳውን በእሳት ታቃጥሉ ዘንድ ስንት ልስጣችሁ? ቢላቸው፥ እንዲህ ያለውን አታሰማን ብለው ጮኹ፤ ሬሳ ማቃጠል የግሪኮች ልማድ ነበርና። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ልማድ የኹሉ ንጉሥ ነው፤ ከልማድ በላይ ሕግ የለም ይላሉ።

ነገር ግን ታሪኩን እንደ ገና ተመልከተው። ግሪኩ ለምን አቃጠለ? አባቱን ለማክበር። ሕንዱስ ለምን በላ? አባቱን ለማክበር። አባቱን እንደ ውዳቂ በሜዳ ጥዬው ልሂድ ያለ ከኹለቱ ወገን አልተገኘም። ስለዚህ የተለያየው ሥርዐቱ ነው፤ ሕጉ አልተለያየም። አባትና እናትን አክብር የሚለው በኹለቱም ልብ ተጽፏል፤ የማክበሩን መንገድ ግን እያንዳንዱ ከአገሩ ተምሯል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ለቅሶው፥ ሰላምታው፥ የሰርጉ ወግ፥ የማዕዱ ሥርዐት ከወንዝ ወንዝ ይለያል፤ ሐዘንተኛን ማጽናናት፥ እንግዳን መቀበል ግን አይለይም።

ቋንቋም ለዚህ ምሳሌ ይኾነናል። በዐማርኛ «ሴራ» ማለት በስውር የሚደረግ የተንኰል ምክር ነው። በሐዲያና በከምባታ፥ በጉራጌም ቋንቋ ግን «ሴራ» ማለት ሕግና ሥርዐት፥ ሽማግሎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ደንብ ነው። ዐማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው፥ የአገሩ ሽማግሎች ሴራ ሊያደርጉ ተሰብስበዋል ቢሉት ይደነግጣል። ገብቶ ቢሰማ ግን ነፍስ ያጠፋው እንዲክስ፥ የተጣላው እንዲታረቅ፥ ድንበር የገፋው እንዲመልስ ሲፈርዱ ያገኛቸዋል። ቃሉ ባዕድ ኾኖበት ነበር፤ ነገሩ ግን ከልቡ የሚያውቀው ነው። የሐዋርያት ሥራም በምዕራፍ 28 የመላጥያን ደሴት ሰዎች ነገር ሲናገር፥ ኦሪትንም ወንጌልንም ሳያውቁ መርከባቸው ለተሰበረባቸው እንግዶች እሳት አንድደው ደግነት እንዳደረጉላቸው፥ ነፍሰ ገዳይም ከፍርድ እንደማያመልጥ ያምኑ እንደ ነበር ያሳየናል።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ነገሩን ማድበስበስ ይኾንብናል። ልዩነት ኹሉ የወግ ልዩነት አይደለምና። ሰውን እንደ ከብት መሸጥ የተፈቀደበት ዘመን ነበር፤ አኹን ተከልክሏል። ይህ እንደ ሰላምታ ያለ የወግ ልዩነት ነው ልንል አንችልም። እንግዲያስ ተቃዋሚው፥ «ዘመኑ ኹለት ነው፤ ልቡም ኹለት ነው፤ ሕጉም ኹለት ነው» ቢል ምን እንመልሳለን?

እንዲህ እንመልሳለን። ሦስት ነጋዴዎች አንድ ጆንያ በርበሬ በሦስት ሚዛን ቢመዝኑና ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥር ቢወጣ፥ በርበሬው ክብደት የለውም የሚል በገበያው አይገኝም፤ ከሚዛኖቹ የተበላሸ አለ ይባላል እንጂ። ስለ ሚዛኑ መከራከራቸው ራሱ ክብደቱ እውነተኛ እንደ ኾነ ያመኑ ስለ ኾኑ ነው። እንዲሁም ሰዎች ስለ መልካምና ስለ ክፉ መለያየታቸው መልካምና ክፉ እንደሌለ አያስረዳም፤ ልብ ሊሳሳት እንደሚችል ያስረዳል እንጂ። ዳግመኛም፥ መልካምና ክፉ እንደየሰዉ ፈቃድ ነው የሚለውን ሰው ገንዘቡን በሐሰት ሚዛን ብትወስድበት፥ «ይህን አልወደድሁትም» ብቻ ብሎ አይቀርም፤ «ግፍ ነው» ይላል። ግፍ ማለት አንተም ልታውቀው የሚገባህን ሕግ አፈረስህ ማለት ነው። አፉ የካደውን ጩኸቱ መሰከረ።

የባርነትን ነገር እናንሣ፤ በአገራችን የኾነ ነውና። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዐረባዊው አል ዑመሪ ሐዲያ ባሮች የሚመጡባት አገር እንደ ነበረች ጽፏል። ከዚያም በኋላ በደጋውም በቈላውም፥ ክርስቲያኑም ያላመነውም ባሪያ ይገዛና ይሸጥ ነበር፤ የደቡብ ልጆችም በዚህ ብዙ ተቀጥተዋል። አባቶቻችን ይፈርዱበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት፥ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፥ ኋላም ወደ ግእዝ የተተረጐመው፥ ስለ ባሮች በሚናገርበት አንቀጽ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ሰው ኹሉ በተፈጥሮው ሕግ ነጻ እንደ ኾነ አስቀድሞ ያምናል፤ ባርነትን ያመጣው ጦርነትና የኀይል ብልጫ እንደ ኾነ ይናገራል፤ ከዚህ በኋላ ግን የባርነትን ሥርዐት ይደነግጋል። ተመልከት፤ ልማዱ በነገሠበት ዘመን፥ ልማዱን በሚያጸናው መጽሐፍ ውስጥ፥ በልብ የተጻፈው ሕግ በሹክሹክታ ይመሰክር ነበር።

ያ ሹክሹክታ ዘግይቶም ቢኾን ዐዋጅ ኾነ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ባሮች ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። እንግዲህ መልካም ማለት የአገር ልማድ ብቻ ቢኾን ኖሮ፥ ባርነትን የተቃወመ ሰው ኹሉ በዘመኑ ዐመፀኛ እንጂ ጻድቅ ባልተባለ ነበር፤ ባርነት መሻሩም መለወጥ እንጂ መሻል ባልተባለ ነበር። እኛ ግን ተሻለ እንላለን። ተሻለ ለማለት ከኹለቱም ዘመን በላይ የቆመ መለኪያ ያስፈልጋል።

ከዚህም የቀረበ ምስክር በጎረቤታችን በከምባታ አለ። የሴት ልጅ ግርዛት በዚያ አገር፥ በእኛም በሐዲያ፥ ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም እስኪባል ድረስ የጸና ልማድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ያረፉት የከምባታ ተወላጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ1990 ዓ.ም. ገደማ «የከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ትርጓሜውም የከምባታ ሴቶች ኅብረት ማለት ነው። ሥራው በስድብና በግድ አልተጀመረም፤ ወንዱና ሴቱ፥ ሽማግሌውና ወጣቱ በየመንደሩ ተቀምጦ ስለ ልማዱ እንዲነጋገር ተደረገ እንጂ። የሞተችው ልጅ፥ በወሊድ የተጨነቀችው እናት ነገር በአደባባይ ተነገረ፤ ሳይገረዙ የተሞሸሩ ሴቶችም በሕዝብ ፊት በክብር ተዳሩ። ልማዱም እጅግ ቀነሰ። የአገሪቱም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ከለከለ። እነዚያ ሽማግሎች በንግግሩ ጊዜ ከባሕር ማዶ ሌላ ልብ አልመጣላቸውም፤ በፊትም የነበራቸው ልብ፥ ልጁን የሚወድ ልብ፥ ዝም ብላ የተሠቃየችውን በሰማ ጊዜ ፈረደ እንጂ። ዐሳባቸው እርስ በርሱ ይሟገታል ያለው ሐዋርያ ይህን የሚመስል ነገር መናገሩ ነው።

ነገር ግን ሕጉ አንድ ነው የሚለውም ወገን የሚወድቅበት ጕድጓድ አለው። ምንድር ነው ቢሉ፥ የገዛ አገሩን ወግ የእግዚአብሔር ሕግ አስመስሎ በሌላው ላይ መጫን ነው። ከ1939 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ብዙ ዘመናት ኀያላን መንግሥታት ሥልጣኔ እናስተምራለን እያሉ የሰውን አገር ሲይዙ ኖረዋል። ስለዚህም በዚያው በ1939 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ሰብእ ሊቃውንት ማኅበር፥ ለሰው ኹሉ የሚኾን የመብት መግለጫ ሊጻፍ በታሰበ ጊዜ፥ የአንድ ወገን ልማድ ለኹሉ ሕግ ኾኖ እንዳይጫን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ላከ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር የባርነትን መኖር ምክንያት አድርጋ አልነበረምን? ባርነትን አጠፋለሁ ያለው እጅ በመርዝ ጋዝ ሕዝብን ፈጀ።

ይህ ግን ሕጉ አንድ አይደለም አያሰኝም፤ ይልቁንም ያጸናዋል። የወራሪውን ሥራ በምን እንከስሰዋለን? እንደ ልማዱ ነው ያደረገው ካልን ክሱ ጠፋ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በቆሙ ጊዜ፥ ጕዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይደለ፥ ለትልቁም ለትንሹም መንግሥት አንድ የኾነ የቃል ኪዳንና የሞራል ነገር እንደ ኾነ ተናገሩ። ልማዳቸው ለተለየ፥ ቋንቋቸውንም ለማያውቁ ሰዎች መናገራቸው ነበር፤ የሚሰሙት ሰዎች ልብ ያንኑ ሕግ ባያውቅ ኖሮ አቤቱታው ለድንጋይ በተነገረ ነበር። ብዙዎች ሰምተው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም በኋላ ዘመን አሳፈራቸው። ከዚህ በኋላ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰውን መብት መግለጫ በ48 ድምፅ ሲያጸድቁ፥ 8 መንግሥታት ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ፤ በግልጥ የተቃወመ ግን አልነበረም። ኢትዮጵያም ከደገፉት አንዷ ነበረች።

እንግዲህ ኹለት ስሕተት አለ። አንዱ ሕግ የለም ማለት ነው፤ ይህ ደካማውን ለኀይለኛው አሳልፎ ይሰጣል። ኹለተኛው ሕጉ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ይህ ኀይለኛውን ጻድቅ ያስመስለዋል። መጽሐፈ መሳፍንት በመጨረሻው ምዕራፍ ሰው ኹሉ በዐይኑ ደስ ያሰኘውን ያደርግ የነበረበትን ዘመን ክፋት ይናገራል። ወንጌልም ሕጉ በእጃችን ነው ብለው በሌላው ላይ ከባድ ሸክም የጫኑትን ፈሪሳውያን ይወቅሣል። እውነተኛው መንገድ በኹለቱ መካከል ነው፤ ሕጉ አንድ ነው፤ እኔም እንደ ጎረቤቴ ከሕጉ በታች ነኝ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ኹለተኛው ጥያቄ፥ ወደ ፍልስፍና እንመጣለን። ፍልስፍና የሚለው ቃል ከግሪክ ነው፤ ጥበብን መውደድ ማለት ነው። አንዳንዱ ምእመን የቈላስይስን መልእክት ምዕራፍ 2 ቍጥር 8 ጠቅሶ ሐዋርያው ፍልስፍናን ከልክሏል ይላል። ሐዋርያው የከለከለው ሰውን በከንቱ ማታለያ የሚማርከውን፥ በሰው ወግ ላይ የቆመውን ነው። እርሱ ራሱ በአቴና ከኤፒቆሮስና ከስጦይክ ፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል፤ ከግሪክ ባለ ቅኔዎችም ቃል ጠቅሶ አስተምሯል። አባቶቻችንም ጥበብን አልናቁም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ አባ ሚካኤል መልሰውታል፤ በእርሱም የሶቅራጥስ፥ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ስም ይገኛል።

ደግሞም የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የሚባል መጽሐፍ አለ። ጸሐፊው በ17ኛው መቶ ዓመት በስደት በዋሻ ተቀምጦ፥ በኋላም በእንፍራዝ ኖሮ፥ ሰዎች የሚያስተምሩትን ኹሉ በልቡና ብርሃን ሲመረምር ያሳያል። መጽሐፉ በውነት የእርሱ ነውን ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የጻፈው ነው? በማለት ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ የካህኑ ነው ሲሉ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ተሟግተዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። መጽሐፉ ስለ ጾምና ስለ ምንኵስና የተናገረውን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም። የጠየቀው ጥያቄ ግን፥ ኹሉ የእኔ ሃይማኖት ቀና ነው ሲል ማን ይፈርዳል? የሚለው፥ በቦኖሻ ገበያ ዛሬም የሚጠየቅ ነው።

የፍልስፍና ጥቅሟ ሦስት ነው። መዠመሪያ፥ እንደ ወንፊት ናት፤ ሕጉን ከወጉ፥ ፍሬውን ከገለባው ትለያለች። ኹለተኛ፥ በልብ ውስጥ በስውር የሚካሄደውን ሙግት ወደ አደባባይ ታወጣዋለች፤ በልቡ ብቻ የሚሟገት ሰው ዳኛውም ከሳሹም ራሱ ስለ ኾነ ለራሱ ያደላልና። ስለዚህ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የኹለቱንም ወገን ቃል ሳይሰሙ የማይፈርዱ ሽማግሎች፥ ስሟን ባያውቋት እንኳ የፍልስፍናን ሥራ ይሠራሉ። ሦስተኛ፥ ትሕትናን ታስተምራለች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና መርዝ ጠጥቶ የሞተው ሶቅራጥስ ጠቢብ የተባለው የማያውቀውን ዐውቃለሁ ባለማለቱ ነበርና።

ወሰንም አላት። መልካሙን ማሳየት ትችላለች፤ እንድናደርገው ኀይል መስጠት ግን አትችልም። ይህንንም ሐዋርያው በዚሁ መልእክት በምዕራፍ 7 መልካሙን እየወደደ ክፉውን ስለሚያደርግ ሰው ሲናገር ያስረዳል። ባርነት በልብ ከተወቀሠ ስንት መቶ ዓመት በኋላ እንደ ተሻረ አይተናል፤ ዕውቀቱ ነበር፤ የጐደለው ፈቃዱ ነው። ፈቃድን የሚያቀና ግን የእግዚአብሔር ጸጋ፥ ንስሓና ፍቅር ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የአባቶችህን ልማድ ስትመረምር አትፍራ፤ የሰውንም ልማድ ስትነቅፍ አትቸኵል። ልማድ ኹሉ በፊትህ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቅ። በእኔ ላይ ቢደረግብኝ እቀበለው ነበርን? የሚጐዳበት ሰው ማን ነው? ያ የሚጐዳውስ ተጠይቆ ቃሉን ሰጥቷልን? የመጀመሪያውን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቍጥር 12 አስተምሮታል፤ የቀሩት ኹለቱ ከእርሱ የሚወጡ ናቸው። መልሱ የሚያሳፍርህ ከኾነ፥ እፍረቱ ራሱ የተጻፈው ሕግ ገና እንዳልተፋቀ ምልክት ነው። ያን ጊዜ ልብህን አታደንድን፤ ጎረቤትህን ጠርተህ ተነጋገር፤ ሽማግሎችን ሰብስብ፤ ስታውቀው የቈየኸውን መልካም ነገር ለማድረግም ኀይልን ከእግዚአብሔር ለምን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይኹን፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።